ለሰባት በር ሰባት ሟች

አክስቴን አፀደን አልወዳቸውም ነበር። እሳቸውም አይወዱኝም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ሟች ክፉ አይወራም የሚሉ ሰዎች ከጅምሩ ትተውኝ እንዲሄዱ ነው። አንቱ የምላቸውም አክብሬ ሳይሆን አፌ ለምዶ ነው። በልጅነቴ አንድ ጊዜ አንቺ ብያቸው ጀርባዬን ልጠውኛል።

አሰላ ውስጥ ሰው ሲሞት፣ ማለት ትልቅ ሰው ሲሞት፣ የአበባ ጉንጉን የሚታዘዘው ከእሳቸው ነበር። የካቲት አሥራ ሁለትና ሚያዝያ ሃያ ሰባት ለአርበኞች መታሰቢያ የሚቀመጠውንም የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። ሙያውን የተማሩት ግን ከማን መሰላችሁ? ከጣልያን። አባታቸው፣ የእኔ አያት ወልደ ጊዮርጊስ፣ ከሸዋ መጥተው አርሲ የሰፈሩ ወታደር ነበሩ፤ አፀደን በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ሳጉሬ ዳሯቸው። ባልየው በጠላት ዘመን ሞተ። ልጅ ስላልነበራቸው ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። ያኔ ጣልያኖቹ የሞቱባቸውን ወታደሮች የሚቀብሩበት ቦታ ነበራቸው፤ ለመቃብሩ ጉንጉን የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ጣልያን አክስቴን ጥድ እያስቆረጠ፣ ሐረግ እያስጠመዘዘ ያሠራቸው ነበር። ጣልያን ወጣ፤ ሙያው እጃቸው ላይ ቀረ። ያው እጅ በኋላ ለአርበኛው ጎነጎነ።

ከተማው ይህን መርሳት አልፈለገም። በየለቅሶው አንዷ ጎረቤት ከንፈሯን ጣል አድርጋ «እትዬ አፀደ እኮ ለሁሉም ናቸው» ትላለች። እሳቸውም መልስ አላቸው። «ሬሳ ወገን የለውም። ወገን ያለው የቆመ ሰው ነው» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አይናገራቸውም።

አባቴ ወልደአማኑኤል የእሳቸው ታናሽ ወንድም ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ተስቦ ገደለው። እናቴ ቦጋለች ከጉራጌ አገር መጥቶ አሰላ ሱቅ የከፈተ ሰው ልጅ ናት፤ አክስቴ ይህን አንድም ቀን ይቅር አላሉም። «ወንድሜ የርስት ልጅ ሆኖ የባንኮኒ ልጅ አገባ» ይላሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ ከእሳቸው ግቢ ታች ባለችው ጎጆ እኔና እናቴ እንኖር ነበር። መውጫችን በእሳቸው ደጅ ስለሆነ መውጣት መግባታችን ሁሉ ይታይ ነበር።

እናቴ ከከተማው በላይ፣ ወደ ጭላሎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ፈረንጆች ከፍተውት በነበረ አንድ ትንሽ ክሊኒክ አንሶላ ታጥብ ነበር። ክሊኒኩ ዛሬ የለም። ያኔ ግን ሲስተር የምንላት አንዲት ረጅም ፈረንጅ ነበረችበት፤ ስድስተኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ልጆችን ወስዳ ቁስል የሚያክሙ ድሬሰሮች አድርጋ ታሠለጥናለች የሚባል ወሬም ነበር። እኔ ስድስተኛን ጨርሻለሁ። ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነው። አክስቴ ደግሞ ለጥር ሊድሩኝ ተስማምተዋል።

የታጨሁት ለአቦምሳው እህልና ከብት ነጋዴ ለአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። አማቴ የሚሆነው ሰው ስሙ ከአያቴ ስም ጋር አንድ መሆኑን አክስቴ እንደ ምልክት ቆጠሩት። «የአባቴ ስም ያለበት ቤት አይከፋም» አሉ። ልጁን ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ጫማውን ሲያይ ዋለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን እኔ አቦምሳ ወርጄ የእሱን ጫማ ስጠርግ መኖር አልፈለግሁም። ነጭ ካፖርት መልበስ፣ መርፌ መውጋት፣ በአክስቴ ደጅ ቀና ብዬ ማለፍ ነበር የፈለግሁት። እናቴም የፈለገችው ይህንኑ ነው። ሲስተርን በአስተርጓሚ ለምናት «በገና እንነጋገራለን» ተብላ ነበር።

ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ነው። ታኅሣሥ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ድሬሰሩ ገብረወልድ፣ የሲስተር አስተርጓሚም እሱ ነው፣ እናቴን ከልብስ ማጠቢያው ጠራት።

«ሲስተር የምትለው፣ በአገሯ ገና ሲሆን በየበሩ የጥድ ቀለበት ይሰቀላል ነው። የእነሱ ገና ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ነው። ሰባት በር አለን። የሚሠራ ሰው ታውቂያለሽ ወይ ትላለች።»

«የምን ቀለበት?»

ገብረወልድ ክንዱን አጥፎ ክብ ሠራ። «እንዲህ። ማለት... የአበባ ጉንጉን።»

«በበር ላይ?»

«በበር ላይ።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም፣ ቦጋለች። ገና ነው እኮ የምልሽ።»

እናቴ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አሰበች። ጉንጉን የሚሠራ እጅ በአሰላ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዓመት አንዴ እንኳን «እንዴት አደርሽ» የማይላት ሰው እጅ ነው። ቢሆንም ለሲስተር «አለ» አለቻት። የእኔ ነገር በዚያ «አለ» ላይ ተንጠለጠለ።

በዚያው ቀን ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ላይኛው ቤት ወጣች። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እሰማ ነበር።

«በሕያው ሰው በር ላይ ጉንጉን?» አሉ አክስቴ። «ፈረንጁ አብዷል፤ አንቺም አብረሽ አበድሽ።»

«እትዬ፣ በእነሱ አገር የደስታ ነው አሉ።»

«በእነሱ አገር! አንቺ የእነሱን አገር መች አየሽ? የሰው አንሶላ ስታጥቢ ነው የምትውዪው።»

  ከዚያ አክስቴ እንዲህ አሉ፦

«እሠራለሁ። ሥራው እስኪያልቅ ግን ልጅቱ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ትጎንጉን፤ እጄ እንደ ድሮው አይደለም። ጥር ሲገባ ያለ ልቅሶ አቦምሳ ትሄዳለች። ይህን በአፍሽ በዪው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ስትወጣ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝና «እሺ ያልኩት ለጉንጉኑ ነው» አለችኝ። ሁለቱ ሴቶች እንዲህ ተስማሙ። አንዷም ሌላዋን አላመነችም።

ታኅሣሥ አሥራ ሦስት ጠዋት የአክስቴ ጭሰኛ ቱሳ ከጭላሎ የቆረጠውን ጥድ፣ ሐረግና ነጭ አበባ ያወጣ አስታ በፈረሱ ጭኖ መጣ። ቱሳ አማርኛ ሲናገር ቃሉን አንድ በአንድ መዝኖ ነው።

«ይሄ ሁሉ ለማን ሬሳ ነው?» አለኝ።

«ለሬሳ አይደለም። ለፈረንጅ በር ነው።»

«ፈረንጅ በሩ ሞተ?»

ሳቄ አመለጠኝ። አክስቴ ከውስጥ «አራግፈህ ሂድ!» ብለው ጮኹበት። ሰውየው ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ነው የመጣው፤ ውኃ እንኳን አልቀመሰም። እኔም አልሰጠሁትም።

የጉንጉን ሥራ እንዲህ ነው። ሐረጉ በተቆረጠ በቀኑ ይታጠፋል፤ ካደረ ይሰበራል። ሁለቴ ዞሮ ጫፉ በራሱ ውስጥ ይገባና በቃጫ ይታሰራል። ከዚያ ጥዱ ጣት በሚያህል ልክ እየተቆረጠ፣ ሦስት ሦስቱ አንድ ላይ እየተያዘ፣ ኋለኛው የፊተኛውን እግር እየሸፈነ ይደረደራል። አስታው መጨረሻ ላይ ይሰካል። አክስቴ ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ሁሉም ወደ ግራ ነው የሚዞረው። «ወደ ቀኝ የሚዞር የሙሽራ ነው፤ የሟች ወደ ግራ ነው» ይላሉ። የእኔ እጅ ሳላስበው ወደ ቀኝ ይሄዳል። በሄደ ቁጥር በሐረግ ቁራጭ ጣቴን ይመቱኛል፤ የሠራሁትን ሁሉ ፈትተው ጭኔ ላይ ይወረውሩታል።

«ልብሽ ፈረንጅ ቤት፣ እጅሽ ሙሽራ ቤት። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ» አሉኝ።

«መርጫለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

አንዱን ሐረግ አንሥተው አጠፉት። ሳይሰበር እንደ ገመድ ዞረላቸው። «አየሽ? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ሴት ልጅም እንዲሁ ናት» አሉ። እውነቱን ለመናገር እጃቸው ያስቀና ነበር። ጣቶቻቸው ጎብጠው እንኳን ጥዱ ይታዘዝላቸዋል። ይህን ሳይ ይበልጥ እናደድ ነበር።

ጾሙም ነበር። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምሱ እኔም አልቀምስም። ሆዴ ይጮኻል፤ እጄ በጥድ ሙጫ ጠቁሮ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በዚህ መሃል የእናቴን ስም ያነሣሉ።

«እናትሽ ወንድሜን ምን እንዳደረገችው እግዜር ያውቃል።»

«የገደለው ተስቦ ነው፣ እቴቴ።»

«ተስቦን ምን ያመጣዋል? ቅማል። ቅማሉስ ከየት መጣ? ከባለሱቁ ቤት።»

ጥዱን ጥዬ መሄድ እችል ነበር። ሰባቱ ቀለበቶች ካላለቁ ግን ሲስተር ፊት የምቆምበት ነገር የለኝም። አንገቴን ደፍቼ ወደ ግራ ጎነጎንኩ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሰባቱም አልቀው ከግድግዳው ሥር ተደረደሩ። ያምሩ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ጥድ ጥድ ሸተተ። አክስቴ ከሣጥናቸው ከአቡጀዲ የተቀደዱ ሰባት ነጫጭ ሪባኖችና ቀለም አወጡ። እሳቸው ፊደል አይለዩም፤ ሁልጊዜ የሚያስጽፉት አንዱን ደብተራ ነው። ዛሬ ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝ።

«ጻፊ።»

«እንኳን አደረሳችሁ ብዬ?»

«ነፍስ ይማር ብለሽ።»

የቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አክስቴ ቀልደው አያውቁም።

«እቴቴ፣ ይህ የገና ነው። የሚሰቀለው ሕሙማን የተኙበት ቤት ነው።»

«ለዚህ ነው የምልሽ! ባለቤት የሌለው ጉንጉን ባለቤት ይፈልጋል። ባዶውን በሰው በር ብትሰቅዪው ከዚያ ቤት አንዱን ይጠራል። ለእያንዳንዱ የራሱን ሟች እሰጠዋለሁ። ሟቹ የእኛ ነው፤ ሞቷል፤ ሁለት ጊዜ አይሞትም። እንግዲህ ጻፊ። ነፍስ ይማር፣ ወልደ ጊዮርጊስ።»

የአባታቸውን ስም አስቀደሙ። ቀጥሎ ባላቸውን ግዛቸውን አሉ። ቀጥሎ ታላቅ ወንድማቸውን ወልደ ሚካኤልን። አራተኛው አባቴ ነው። የቀሩት ሦስቱ አክስቶቻቸው ነበሩ፤ እኔ አላውቃቸውም። ያን ጊዜ ተንኮል ነው ብዬ ነበር፤ ሲስተር አይታ እንድትጠላኝና ጥር ላይ አቦምሳ እንድሄድ ያደረጉት። ዛሬ ግን የሚናገሩትን ያምኑበት እንደነበር አውቃለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ከሬሳ ጋር የሠራ ሰው ይህን ቢያምን አይገርምም።

«አልጽፍም» አልኩ።

«አትጽፊም?» ብለው አንዱን ጉንጉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ቃጫውን መፍታት ጀመሩ። ጥዱ መሬት ላይ ረገፈ።

በዚያች ሰዓት ያሰብኩትን አልደብቅም። ሲስተር አማርኛ አታነብም፤ የፈረንጁ ዶክተርም አያነብም፤ ጌጥ ይመስላቸዋል አልኩ። ሕሙማኑ እንደሚያነቡ አላሰብኩም። ብዕሩን አንሥቼ ሰባቱንም ጻፍኩ። በትምህርት ቤት የተመሰገንኩበት ነገር የእጅ ጽሑፌ ስለነበር ፊደሉን አሳምሬ፣ አንገቱንና እግሩን ለክቼ ነው የጻፍኩት።  የተፈታውን ጉንጉን አክስቴ መልሰው ሠሩት።

በአሥራ አምስት ጠዋት እናቴ ከክሊኒክ ስትመለስ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ዓይኗ ያበራ ነበር።

«ትናንት ማን እንደተኛ ታውቂያለሽ? አማትሽ! እህል ጭኖ ከአቦምሳ ሲመጣ መኪናው ተገለበጠበት። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል። ሲስተር አጥባ አስራዋለች፤ ሁለት ሳምንት ንቅንቅ እንዳይል ብላለች። አንሶላው እኮ ደሙ አልለቅ አለኝ።»

«ለእቴቴ ልንገራቸው?»

«እንዳትሞክሪው! ብታውቅ ሮጣ ሄዳ ሠርጉን አልጋው ሥር ትጨርሰዋለች።»

ሳልነግራቸው ቀረሁ። አክስቴም በጾሙ ከግቢያቸው ስለማይወጡ አልሰሙም።

በአሥራ ስድስት ጠዋት እኔና እናቴ ሰባቱን ጉንጉን በረጅም ዘንግ ላይ ደርድረን፣ ጫፍና ጫፉን ትከሻችን ላይ አድርገን ወደ ክሊኒኩ ወጣን። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ሲስተር ስታየን አጨበጨበች፤ ጥዱን አሸተተች፤ እናቴን አቀፈቻት። ሪባኑን በጣቷ ነክታ ምን እንደሚል በዓይኗ ጠየቀችኝ። ገብረወልድ ውስጥ ቁስል እያሠረ ነበር።

«ክሪስማስ» አልኳት።

«ክሪስማስ!» አለች፤ ደስ አላት። ምስማርና መዶሻ ሰጥታኝ ሄደች።

አንድ በአንድ ሰቀልኩ። በመድኃኒት ክፍሉ፣ በሴቶቹ ክፍል፣ በሕፃናቱ ክፍል በር። የአያቴ ስም ያለበት ጉንጉን መጨረሻ ደረሰ ብል ውሸት ነው። ከቤት ስንወጣ ጀምሮ ለይቼ ዘንጉ መጨረሻ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ የተኛባት ክፍል በር ላይ፣ በሰው ዓይን ልክ አድርጌ ሰቀልኩት። ሪባኑን በመዳፌ አስተካከልኩ። ሰውየው ይቆጣል፣ ከተቆጣ ሠርጉ ይቀራል አልኩ። ከዚህ ወዲያ አላሰብኩም። እናቴ አጠገቤ ምስማር ይዛ ቆማ ነበር፤ ማንበብ ስለማትችል ምንም አላወቀችም።

ሰውየውን ቁስሉ ታይቶለት ሁለት ሰዎች እግሩን ሳያነቃንቁ በቃሬዛ መለሱት። በሩ ላይ ቆሙ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ሲያነብ ድምፁን አውጥቶ ነው።

«ነፍስ... ይማር... ወልደ... ጊዮርጊስ።»

ደግሞ አነበበው። ከዚያ «ጻፉብኝ!» ብሎ ጮኸ። «ሳልሞት ጻፉብኝ! አውርዱኝ!» ቃሬዛው ላይ ተነሥቶ ሊቀመጥ ሲታገል የታሰረው እግሩ ከጎን ካለው ግንብ ጋር ተጋጨ። የጮኸው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሚስቅ ሰው ያስቅ ነበር። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት ፊደል የቆጠሩ ሕሙማን ተነሥተው በየበሩ አነበቡ። አንዱ ግዛቸው የሚባል ወንድም ነበረው፤ እያለቀሰ ወጣ። ብርድ ልብስ የለበሰ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ግማሽ ጺሙን የተላጨ ሁሉ በበሩ ተጋፋ። ጠራጊዎቹ ሳይቀሩ መጥረጊያቸውን ጥለው ሄዱ። እጇ በእሳት የተቃጠለ ሀሊሜ የምትባል የአርሲ ሴት ብቻ ከደረጃው ላይ አልተነሣችም። «ማል ጀዳ? ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቀና ብላ በሩን አየችና «እኔ አላነበብኩም። እኔ አልሞትም» አለች።

የአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ሰዎች ሲስተር በሩ ላይ ክንዷን ዘርግታ እየጮኸች፣ ሰውየውን በጭነት መኪና ላይ አጋድመው ወደ አቦምሳ ወሰዱት። ገብረወልድ ሪባኑን አንብቦ ተረጎመላት። ሲስተር ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ነጭ ነበር፤ ይበልጥ ነጣ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለኝ ገብረወልድ።

«አክስቴ አዝዘውኝ ነው።»

ይህ እውነት ነው። የቀረውን እውነት አልተናገርኩም።

ሲስተር ጉንጉኖቹን ሁሉ በራሷ እጅ ነቅላ ጣለች። ከዚያ ያለችውን ገብረወልድ እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ «አልጋውን ባዶ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ የምትሞዪውም አንቺ ነሽ።» ጠራጊዎቹ ስለሸሹ በዚያው ቀን መጥረጊያ ያዝኩ። ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት በየሰፈሩ እየዞርኩ፣ እየተሰደብኩ፣ አንዳንዱ ቤት ውሻ እየተለቀቀብኝ ሕሙማኑን አስታርቄ መለስኩ። አንድ ሰው ብቻ ሩቅ ስለሆነ አልሄድኩበትም። ጠራጊ እንደሆንኩ ቀረሁ፤ ቆይቶም ሲስተር ከሠልጣኞቹ ጋር አስቀመጠችኝ። የተመኘሁትን ቦታ ያገኘሁት እንዲህ ነው።

የእኛም ገና አለፈ። ጥር አራት ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ከአቦምሳ አክስቴ ቤት መጡ። እኔ የእጅ ውኃ እያስታጠብኩ ነበር። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ በገና ዋዜማ ማረፉን ተናገሩ። እግሩ ሸትቶ፣ ጠቁሮ፣ ሁለት ቀን ሲቃዥ ቆይቶ ነው። ሠርጉ እንደቀረም ተናገሩ። «ሙሽራዋ በአማቷ በር ላይ ሞቱን ጽፋ ሰቀለች። እንዲህ ያለ ነገር በአገር ተሰምቶ አያውቅም» አሉ።

ከተማው ስለ ጉንጉኑ ሲያወራ ለእሳቸው የነገረ ስላልነበረ፣ አክስቴ ይህን ሁሉ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ማሰሮውን ይዤ ቆሜያለሁ። ዓይኔን አዩ፤ ሁሉንም ነገር እዚያ አነበቡት። በሕይወታቸው ያነበቡት ጽሑፍ ያ ብቻ ይመስለኛል።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «ስሙ የአባቴ ስም ነው። የትኛው በየትኛው በር እንደሚሰቀልም የነገርኳት እኔ ነኝ። ልጅቱ ያሉትን የምታደርግ ናት። እርግማን ካላችሁ ለእኔ አድርጉት።»

ሽማግሌዎቹም አደረጉት። ውኃውን ሳይጨርሱ ወጡ። አክስቴ ተጎንብሰው የፈሰሰውን በጨርቅ አባበሱ።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም» አሉኝ። «የወንድሜ ልጅ ሰው በጽሑፍ ገደለች ከሚባል አሮጊቷ ጃጀች ቢባል ይሻላል። በይ ሂጂ። ነጭ ልብስሽን ልበሺ። ዓይንሽን አላይም።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ከተማውም ጠበቀላቸው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉንጉን ያዘዛቸው ሰው የለም። የሚያዝያ ሃያ ሰባቱ ጉንጉን ከሁሩታ መምጣት ጀመረ። ሃያ ዓመት ያህል ጥድ የያዘ እጅ ቁጭ ብሎ ምስር ይለቅም ጀመር። እኔና እናቴ ክሊኒኩ አጠገብ ቤት ተከራይተን ወጣን። ዜናቸውን እሰማ ነበር እንጂ አልሄድኩም። እሰየው ያልኩበት ቀን ሁሉ አለ፤ ለምን እዋሻለሁ።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት አንድ ረቡዕ ሲስተር በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሰበረ እግር ሣለች። ገብረወልድ ይተረጉማል። አጥንት ቆዳ ቀድዶ ሲወጣ ቁስሉ ይታጠባል፣ ይታሰራል፣ ከዚያ እግሩ እንዳይንቀሳቀስ ነው ዋናው ነገር አለች። ከተንቀሳቀሰና አቧራ ከገባበት መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጣ እንዲህ አለች፦

«በገና ቀን የሄደብንን ሰው ታስታውሳላችሁ? ቁስሉ ንጹሕ ነበር። ተኝቶ ቢቆይ ኖሮ ዛሬ በእግሩ ይሄድ ነበር።»

ወደ እኔ አላየችም። እሷ የአሮጊት ስሕተት ነው ብላ ነው የምታውቀው። እስከዚያ ድረስ እኔም ለራሴ የነገርኩት፣ ሰውየው ለማንኛውም ይሞት ነበር፣ ቀኑ ደርሶ ነበር የሚል ነው። ደብተሬ ላይ የምጽፈውን ፊደል ማየት አቃተኝ። ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው ምስር ይለቅማሉ። ካፖርቴን አየት አድርገው ወደ ሰፌዳቸው ተመለሱ። ተቀመጪ አላሉኝም፤ ቆሜ ተናገርኩ።

«እቴቴ፣ ያንን ጉንጉን አውቄ ነው የሰቀልኩት። ሰውየው እዚያ እንደተኛ አውቅ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ይድን ነበር። ሲስተር ነገረችን። ባይነሣ ኖሮ ይድን ነበር።»

ጠጠር አግኝተው ከሰፌዱ አውጥተው ወረወሩ። ሌላ አገኙ፤ እሱንም ወረወሩ። ይሰድቡኛል፣ ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር እንዲመቱኝ ነበር የሄድኩት።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉ። «እኔ የተረገምኩትን ተረግሜያለሁ። ሚስቱ አቦምሳ ናት። ለእሷ ንገሪያት።»

ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም። በሃምሳ አምስት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ነጭ ካፖርቴን አውልቄ ቆምኩ። ንገሪያት ያሉኝ የአቦምሳዋ ሴትዮ፣ ልጇ ሌላ አገባላት፣ የልጅ ልጅ አየች፣ አረጀች ሲባል በየጊዜው እሰማለሁ። ከአሰላ አቦምሳ በየቀኑ መኪና አለ። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።